ቁልፍ ያለው ሰንጢ ለምን ይታጠፋል?

ውድ አንባቢዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ ጎንደር ቁልፍ፣ መቀስና የልብስ ስፌት መኪና ስጠግን ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ባለፈው እትም ስለ በር ቁልፍ ስጽፍ ሰንጢ ላይም ቁልፍ እንዳለ በአንድ መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ይህን ሁሉ ደብዳቤ ያመጣችው ያቺ አንድ መስመር ናት። ስድስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ልቤን ስለነካው እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። ቁልፍ ያለው ታጣፊ ሰንጢ ከገዛሁ ዓመት አልሞላኝም። ሲከፈት ቀጭ ይላል፤ ጠንካራ ይመስላል። ባለፈው ወር አዲስ ቤት ውስጥ መስመር ስዘረጋ፣ የማከፋፈያ ሳጥኑን ፕላስቲክ በጫፉ ልበሳ ብዬ ስጫን ታጠፈና ሁለት ጣቶቼን ቆረጠኝ። አራት ቦታ ተሰፋሁ። ቁልፍ ካለው ለምን ታጠፈ? ተታልዬ ነው ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው? ፎቶውን ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ እግዜር ይማርህ ልጄ።

ከቁልፉ በፊት ስለ ጣትህ ልጠይቅህ። ስፌቱ ከተፈታ በኋላ የሁለቱንም ጣቶች ጫፍ ለብቻው ማጠፍ ትችላለህ? መዳፍህን ወደ ላይ አድርገህ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ። የጣትህን መካከለኛ አንጓ በሌላው እጅህ ያዝና የጫፉን አንጓ ብቻ እጠፍ። እምቢ ካለህ ወይም ጫፉ ከደነዘዘ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ። ይህን የምልህ በራሴ ስለደረሰ ነው። የ22 ዓመት ልጅ ሳለሁ ሸንኮራ አገዳ ስልጥ ቁልፍ የሌለው ሰንጢ እጄ ላይ ታጠፈ። ቆዳው ተሰፋልኝ፣ ዳነም። ጅማቱ መቆረጡ የታወቀው ግን ከወር በኋላ ነው። የተቆረጠ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሰፋ ነው የሚሻለው፤ ከቆየ ጫፎቹ ይሸሻሉ። የቀኝ እጄ ሌባ ጣት እስከ ዛሬ ጫፉ አይታጠፍም። እና እባክህ፣ ጣትህን ዛሬ ሞክረው።

አሁን ወደ ሰንጢህ። ያንተ የላሜራ ቁልፍ የምንለው ዓይነት ነው። እጀታው ውስጥ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጭን ላሜራዎች አሉ። አንደኛው በቁመቱ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ተደርጓል፤ እሱ ራሱ ሞላ ነው። ሰንጢው ተዘግቶ ሳለ ላሜራው በስለቱ ጎን ተጨቁኖ ይተኛል። ስለቱ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ቦታ ያገኝና ተስፈንጥሮ ከስለቱ ተረከዝ ኋላ ይገባል። ተረከዝ የምለው እጀታው ውስጥ የሚቀረውን የስለቱን ጫፍ ነው። ቀጭ የሚለው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ስለቱ ልታጠፍ ቢል የላሜራው ጫፍ እንደ ባላ ቆሞ ይከለክለዋል።

ይህን ቁልፍ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያሻሻለው ማይክል ዎከር የሚባል አሜሪካዊ ቢላ ሠሪ ነው፤ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በአንድ እጅ ይከፈታል፣ በአንድ እጅ ይዘጋል፣ ለመሥራትም ብዙ ወጪ የለውም። ቅዳሜ ገበያ ላይ ቁልፍ አለው ተብሎ ከሚሸጠው ሰንጢ ብዙው የዚህ ዓይነት የሆነው ለዚህ ነው።

ቀጭ ማለቱ ግን ቁልፉ መግባቱን እንጂ ምን ያህል እንደገባ አይነግርህም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደህና በተሠራ ሰንጢ ላይ የላሜራው ጫፍ የተረከዙን ውፍረት ሲሶውን ያህል ይዞ ይቆማል። ፎቶህን አጉልቼ አየሁት። ያንተ ላሜራ የቆመው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። አጠገቡ ደግሞ ነጭ ነገር ይታየኛል። ጀሶ ነው። ግድግዳ ስትቦረቡር የሚወርደው ብናኝ ኪስህ ውስጥ ገብቶ፣ ከዘይት ጋር ተለውሶ፣ ተረከዙ ላይ እንደ ሊጥ ተጋግሯል። ላሜራው ሊገባ ሲል ያ ክምር አቆመው። ድምፁን ሰማህ፣ አመንከው። ማንም ያምን ነበር።

ሁለተኛው ነገር አጠቃቀሙ ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ከፔርኖው፣ ማለትም ስለቱ ከሚዞርበት ማጠፊያ፣ እስከ ስለቱ ጫፍ 9 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ከፔርኖው ላሜራው እስከሚነካበት ቦታ ደግሞ 6 ሚሊሜትር። 90 ለ6 ሲካፈል 15 ይመጣል። ጫፉን ወደ መታጠፊያው በኩል በ5 ኪሎ ብቻ ብትገፋው ላሜራው ላይ የሚያርፈው 75 ኪሎ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጥ ላሜራ ነው። ያንተው ደግሞ በጠርዝ ላይ የቆመ።

በስለቱ ስትቆርጥ ግን እንዲህ አይደለም። ገመድ ስትቆርጥ ወይም ካርቶን ስትቀድ ኃይሉ ስለቱን የሚገፋው ወደ መከፈት ነው። ስለቱ ማቆሚያው ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ ቁልፉ ያርፋል። ቁልፉ ላይ ሸክም የሚመጣው በጫፍ ስትወጋ፣ ስትፈለቅቅ፣ የተቀረቀረ ስለት ስትነቅልና ስትጠመዝዝ ነው። አንተ ያደረግኸው የመጀመሪያውን ነው። ጠምዝዘኸውም ይሆናል፤ ፕላስቲክ የሚበሳ ሰው እጁን ሳያዞር አይቀርም። የላሜራ ቁልፍ መጠምዘዝ ጠላቱ ነው። እጀታው በጥቂቱ ሲዛባ ላሜራው ከቦታው ይንሸራተታል። አጥብቀህ ስትጨብጥ ደግሞ የጣትህ ሥጋ ላሜራው ከእጀታው ብቅ በሚልበት በኩል ገብቶ ራሱ ላሜራውን ሊገፋው ይችላል።

ስለዚህ ሻጩ አላታለለህም። አንተንም ጥፋተኛ አልልህም። ሰንጢው ከነመመሪያው አይሸጥም፤ ይህን የነገረህ ሰው አልነበረም።

አሁን እንዲህ አድርግ። ሰንጢውን ከፍተህ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ላምባ አስነክተህ ተረከዙንና የላሜራውን ጫፍ በደንብ ፈትግ። በንጹሕ ጨርቅ አድርቅ። ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት አንዲት ጠብታ ፔርኖው ላይ ብቻ አድርግ። ላሜራውና ተረከዙ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ዘይት አታስነካ። እዚያ የምንፈልገው መያዝ ነው፣ መንሸራተት አይደለም። የፔርኖው ብሎን ላልቶ እንደሆነም እየው፤ ስለቱ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ በልኩ ያለ ካቻቢቴ ጥቂት አጥብቀው።

ከዚያ ፈትነው። እጀታውን ስትይዝ ጣቶችህ በሙሉ ከስለቱ መንገድ ውጭ ይሁኑ፤ በሁለቱ ጎኖች ብቻ ጨብጠው። የስለቱን ጀርባ ወፍራም እንጨት ላይ አስደግፍና ቀስ እያልክ ተጫን። መጀመሪያ በትንሹ፣ ከዚያ ጨመር አድርገህ። ላሜራውን እየው። ንቅንቅ ካለ ሰንጢው ቁልፍ የለውም ብለህ ቁጠር። አንዳንድ ሰው የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ እየደበደበ ይፈትናል። እኔ አልወደውም። ድብደባው ደህናውን ቁልፍ ያበላሻል፤ ላሜራውን በድንጋጤ የሚያዘልል ምት ደግሞ በሥራ ላይ ከሚገጥምህ ጋር አይመሳሰልም። ቀስ ብሎ መጫን እውነቱን ይነግርሃል።

ሳጥኑን ግን በመሰርሰሪያ ብሳው። ብዙዎቹ ሳጥኖች ላይ ተመቶ እንዲወልቅ ሆን ተብሎ የሳሳ ክብ ቦታ አለ፤ እሱን በካቻቢቴ እጀታ መታ ስታደርገው ይወልቃል። የሽቦ ልባስ ለመላጥም የማይታጠፍ አጭር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቢላ ግዛ። አደራህን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደባርቅ ነው ያለሁት። ስሜን ተራሮች እንግዳ ይዤ እወጣለሁ፣ በቅሎም እጭናለሁ። አንድ እንግዳ የሰጠኝ ሰንጢ አለኝ፤ ለመዝጋት ጀርባው ላይ ያለውን ብረት በአውራ ጣት እጫነዋለሁ። ስንት ዓመት በደንብ ሠራ። ዘንድሮ አንዳንዴ ይቆልፋል፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ ይታጠፋል። አርጅቶ ነው?

መልስ፦ አላረጀም፤ ሳይቆሽሽ አይቀርም። ያንተ የጀርባ ቁልፍ ነው። በእጀታው ጀርባ በኩል መሐሉ ላይ የተቸነከረ ረጅም ብረት አለ፤ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ይላል። በአንደኛው ጫፉ ጥርስ አለው። ስለቱ ሲከፈት ጥርሱ ተረከዙ ላይ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ይወድቃል። በሌላኛው ጫፍ ሞላ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጥርሱ እንዳይወጣ። ይህን ዓይነት በዓለም ያስለመደው ባክ የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1964 ያወጣው 110 ቁጥር የአዳኝ ሰንጢ ነው።

የላሜራው ዓይነት ሲቆሽሽ በከፊልም ቢሆን ይገባል። የጀርባ ቁልፍ ግን ጎድጓዳው ከሞላ ጥርሱ የሚወድቅበት የለውም። የኪስ ጉድፍ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ የመንገድ አቧራ እዚያች ጠባብ ቦታ ይጠራቀማል። በቅሎ የሚጭን ሰው ኪስ ደግሞ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አባቴ ነጋዴ ነበር።

ሰንጢውን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክረህ ደጋግመህ ክፈተው፣ ዝጋው። የክብሪት እንጨት አሹልና ጎድጓዳውን ጥረግ። በሚስማር ወይም በመርፌ አትጎርጉረው፤ የጎድጓዳው ጠርዝ ከተፋቀ ጥርሱ አይይዝም። ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ መታጠፊያው ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት።

አንድ ነገር ልማድ አድርገው። ሰንጢውን በከፈትክ ቁጥር አውራ ጣትህን በጀርባው ላይ ከስለቱ ወደ እጀታው አሳልፍ። ብረቱ ከጀርባው ጋር እኩል ከሆነ ጥርሱ ገብቷል። ከፍ ብሎ ከተሰማህ አልቆለፈም፤ ሥራ አትጀምርበት። ጨለማም ቢሆን፣ እጅህ በብርድ ቢደነዝዝም ይህን መለየት ትችላለህ። የጭነት ገመድ ስትቆርጥም ለመዝጋት የምትጫነው የብረቱ ጫፍ በመዳፍህ ሥር እንዳይውል አያያዝህን አስተካክል። አጥብቆ የጨበጠ መዳፍ ሳያውቀው ቁልፉን የሚከፍትበት ጊዜ አለ። ይህን አይተው የሚጫኑበትን ቦታ ጎድጎድ አድርገው የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ።

ስለቱ ሲቆለፍ ወደ ላይና ወደ ታች ጥቂት ቢነቃነቅ አትደንግጥ። በዚህ ዓይነት ላይ የተለመደ ነው። ከበፊቱ ከጨመረ ግን አሳየኝ።

ጥያቄ፦ ማራኪ ሰፈር የምኖር መምህርት ነኝ። አባቴ ሲያርፍ የተወልኝ የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ አለ። ስለቱ ላይ ዘውድ የተደፋበት እጅ ተቀርጿል፣ 8 ቁጥርም አለው። አንገቱ ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት አለ። ክረምት ሲገባ አልከፈት ይለኛል። ቀለበቱም ስለላላ ይዞራል። ሲዘጋ ደግሞ አይቆልፍም። ልጠቀምበት እፈልጋለሁ፤ ይታመናል?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ጥሩ ዕቃ ነው የተዉልሽ።

ዘውድ የደፋው እጅ የኦፒኔል ምልክት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሳቩዋ በሚባል ተራራማ አገር ዮሴፍ ኦፒኔል የሚባል ሰው በ1890 መሥራት የጀመረው የገበሬ ሰንጢ ነው። ቀለበቱ የተጨመረው በ1955 ነው። ከ2000 ጀምሮ የሚሠሩት ደግሞ ሲዘጉም ይቆለፋሉ። ያንቺው ቀለበት እያለው ሲዘጋ ስለማይቆለፍ በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል የተሠራ ነው ማለት ነው። አባትሽ መቼ እንዳገኙት ለማስታወስ ይረዳሽ ይሆናል።

ስለ መታመኑ የጠየቅሽውን በሙሉ ልብ ልመልስ፤ እኔ ከሁሉም ዓይነት በላይ የምወደው ይህን ነው። ቀለበቱ ክፍተት አለው። ክፍተቱ ከእጀታው ስንጥቅ ጋር ሲገጥም ስለቱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቀለበቱን ስታዞሪው ድፍኑ ክፍል የስለቱን መንገድ ይዘጋዋል። የተደበቀ ሞላ የለበትም። መቆለፉንም አለመቆለፉንም በዓይንሽ ታያለሽ። ድካሙ አንድ ነው፤ ራሱን አይቆልፍም። ካላዞርሽው ቁልፍ የሌለው ሰንጢ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ሰንጢ የሚቆረጠው ማዞሩን ረስቶ ነው።

ክረምት ላይ አልከፈት የሚለው እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥና ስለቱን ስለሚነክስ ነው። በጥርስሽም በፒንሳም አትጎትቺው። ቀለበቱ መከፈቱን አረጋግጪና የእጀታውን የኋላ ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ጠንከር አድርገሽ መታ አድርጊው። ስለቱ በራሱ ብቅ ይላል። የሳቩዋ ገበሬዎች የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ከዚያ ሳሎን ውስጥ ተከፍቶ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ እሳት ዳር አታስቀምጪው፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ የተልባ ዘይት ወይም የቀለጠ ሰም ስንጥቁ ውስጥ ጭምር ቀቢው። ከዚህ በኋላ ውሃ ውስጥ አትንከሪው።

ቀለበቱ የላላው ስለሰፋ ነው። ተነቅሎ በፒንሳ ጥቂት ጠበብ ተደርጎ ይመለሳል፤ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። ራስሽ ብትሞክሪው ሊጣመም ስለሚችል አምጪልኝ። ሎሚ ወይም በለስ ስትቆርጪበት ስለቱ ከጠቆረ ዝገት ነው ብለሽ በሽቦ እንዳትፈትጊው። ጥቁረቱ ብረቱን አይጎዳውም፤ ቀዩን ዝገት ነው የምንፈራው። አባትሽ የሳሉት ስለት ነውና ያ ጥቁረት የእሳቸውም እጅ ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ስለ ሰንጢ ቁልፍ ሁሌ እንከራከራለን። ከሁሉም አስተማማኙ የትኛው ነው? በአንድ ቃል ይመልሱልን።

መልስ፦ በአንድ ቃል ከሆነ፣ የማይታጠፈው። በማጠፊያ የተሠራ ነገር ሁሉ በማጠፊያው በኩል ይደክማል። በግ ለማረድና ለመግፈፍ፣ እንጨት ለመሰንጠቅ፣ ለመፈልቀቅ ሰንጢ አታንሱ።

ክርክራችሁ ግን ደስ ብሎኛል፤ ስለዚህ ጥቂት ልጨምር። የላሜራ ቁልፍ ሲወፍር የእጀታ ቁልፍ ይሆናል። የሚቆልፈው ብረት ከእጀታው ራሱ የተቆረጠ ነው። ክሪስ ሪቭ የሚባል ቢላ ሠሪ በ1987 ባወጣው ሰበንዛ በሚባል ሰንጢ የታወቀ ነው፤ ስሙ በዙሉ ቋንቋ ሥራ ማለት ነው። የዚህ ጥቅሙ አጥብቃችሁ ስትጨብጡ እጃችሁ ቁልፉን የሚገፋው ወደ ውስጥ መሆኑ ነው። ከዚያ ደግሞ በ1998 ቤንችሜድ የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ያመጣው የዘንግ ቁልፍ አለ። ትንሽ የብረት ዘንግ እጀታውን ከግራ ወደ ቀኝ አቋርጣ ተረከዙ ላይ ትቀመጣለች። ሁለት ቀጫጭን የሽቦ ሞላዎች ይገፏታል፤ አንዱ ቢሰበር አንዱ ይይዛል። ለግራኝ ሰውም ይመቻል። ከቻይና የሚመጡ ብዙ ሰንጢዎችም አሁን እንዲህ ሆነዋል።

ጓደኞችህ ግን የሚከራከሩት የትኛው ብዙ ኪሎ ይሸከማል በሚለው ላይ ይመስለኛል። እኔ ጋ የሚመጣው ሰንጢ ሌላ ነው የሚነግረኝ። ቁልፉ ተሰብሮ የመጣልኝ ጥቂት ነው። ቁልፉ ሳይሰበር፣ ሳይጣመም፣ በግማሽ ገብቶ ሰው የቆረጠው ነው የበዛው። ጥሩ ብረት ያለው ሰንጢ በጀሶ ተሞልቶ ከሚሆን ተራው ሰንጢ ንጹሕ ሆኖ ቢያዝ እመርጣለሁ። ስትገዙም በስም አትግዙ። ትልቅ ስም ማተም ለአስመሳይ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ተረከዙንና ላሜራውን አስማምቶ መሞረድ ነው። ሃያ ጊዜ ክፈቱት። ሃያውንም ጊዜ ላሜራው ወይም ዘንጉ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ጥሩ ነው። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ የሚቆመውን ለባለቤቱ መልሱለት።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ አጎቱ ከውጭ ቀይ የስዊስ ሰንጢ አምጥቶለታል። ትንሽዬ ናት። ቁልፍ እንደሌላት ሳይ ፈራሁና ደበቅኩበት። ልስጠው ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ስጪው እህቴ፤ ግን አብረሽው ተቀምጠሽ። ካርል ኤልዘነር የሚባለው ሰው ያንን የመኮንኖች ሰንጢ በስዊስ ካስመዘገበ ከ1897 ጀምሮ ትንንሾቹ ቁልፍ የላቸውም። ስለቱን ከፍቶ የሚይዘው ከጀርባ ያለ ጠንካራ ሞላ ብቻ ነው። ልጅ በእሱ ሲማር በጫፍ መውጋትና የስለቱን ጀርባ መጫን እንደማይቻል እጁ ያውቀዋል። ቁልፍ ባለው የጀመረ ልጅ ግን ቁልፉን ያምናል። እርሳስ መቅረጽና ሸንኮራ መላጥ አስተምሪው፤ ተቀምጦ፣ ከሰውነቱ ወደ ውጭ እየቆረጠ። ሲዘጋው ጣቶቹ ከስንጥቁ ውጭ ይሁኑ።

ትምህርት ቤት ይዞት አይሂድ። ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስትወርዱም ቤት ይቅር፤ መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፣ ቦታውም የሰንጢ ቦታ አይደለም። በአውሮፕላን ከተጓዛችሁ የእጅ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በጭነት ሻንጣ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ከቆላ ድባ ነው የምጽፈው፤ 71 ዓመቴ ነው። የጀርባ ቁልፍ ያለው የድሮ ሰንጢዬ ሞላው ተሰበረ። መለዋወጫ አጣሁለት። የሰፈራችን ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ እሠራልሃለሁ አለኝ። ላሠራው?

መልስ፦ አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው። መኪና ተሸክሞ የኖረ ብረት ሞላ ለመሆን አያንስም። ቀጥቃጮቻችን ከእሱ ቢላና ማጭድ ሲያወጡ ኖረዋል፤ እጃቸውን አከብራለሁ። የሰንጢ ሞላ ግን ከማጭድ ይለያል። ቀጭን ነው፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይታጠፋል።

ሰውዬውን ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ። ብረቱን አግሎ ዘይት ውስጥ ከነከረ በኋላ ምን ያደርገዋል? ተነክሮ እንዲሁ የቀረ ብረት እንደ ጠርሙስ ይሰበራል። ተወልውሎ እንደገና ቀስ ተብሎ መሞቅ አለበት፤ መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው ላይ፣ ወደ 300 ዲግሪ ግድም ሲደርስ፣ ከእሳት ይወጣል። ያኔ ነው ሞላ የሚሆነው። ይህን ከነገረዎት ያሠሩት። ሁለተኛው፣ የድሮውን ስባሪ ይሰጡታል፤ ውፍረቱን በእሱ ይለካ። ከወፈረ አውራ ጣትዎ አይችለውም፤ ከቀጠነ ጥርሱን አጥብቆ አይገፋም።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ ይበሉልኝ። ሞላው አልገጥም ሲል ጥርሱን ወይም የተረከዙን ጎድጓዳ ልሞርድ ካለ አይፍቀዱለት። ሞረድ የወሰደው አይመለስም፤ ጥርሱ አንዴ ከሳሳ ሰንጢው ዳግመኛ አይቆልፍም። የሚሞረደው አዲሱ ሞላ ነው።

ሲያልቅ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው ካለ ላኩልኝ፣ ወይም ራስዎ ይምጡ። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነኝ። አብረን እንጨት ላይ ተጭነን እናየዋለን።